የምሳሩ ጥፋት የማን ነው?

በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትልልቁ ነገር ነው፤ ስለ ነፃነት፣ ስለ ኅሊና፣ ስለ ታሪክ ጉዞ። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት አንድ ምሳር ነው። አንባቢ ይታገሠኝ። ትልቁ ጥያቄ እኔን ያገኘኝ በዚሁ በምሳሩ በኩል ስለሆነ፣ በሌላ በር ልግባ ብል አላውቅበትም።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ስለት ያለው ነገር ሰው ሲጎዳ ጥፋቱ የማን ነው? የብረቱ ነው? ብረቱን የቀጠቀጠው ሰው ነው? ያነሣው እጅ ነው? ወይስ "የሁላችንም ነው" ብለን በጋራ ስንሸከመው ቀስ በቀስ የማንም ሳይሆን ይቀራል?

የተወለድሁት ደብረ ኤልያስ ወረዳ ውስጥ ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወረድ ብሎ ያለ አገር ነው። ላይኛው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ያልፋል፤ ጤፍና ስንዴ ያበቅላል። ከሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ላየ ሰው ግን መሬቱ ድንገት ይከዳዋል፤ ገደል በገደል እየሆነ እስከ ዓባይ ይወርዳል። ጧት ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ከቀትር በኋላ ቆላ ላይ ሸሚዙን ያወልቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የነገሬ ቁልፍ ያለው እዚህ የአየር ለውጥ ላይ ነው። አገራችን በይበልጥ የሚታወቀው ግን በቅኔው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ኤልያስ ነው።

ከመንደራችን ዳር፣ ከወንዟ አጠገብ፣ አንድ ቀጥቃጭ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ከእኔ የደረሰባቸው ይበቃል። ያን ጊዜ "አንተ" ነበር የምላቸው። በእኛ አገር ልጅ ለአባቱ እኩያ "አንቱ" ይላል፤ ለቀጥቃጭ ግን ሽበቱም አያስከብረውም ነበር። ዛሬ "እሳቸው" እያልሁ የምጽፈው ለወጉ አይደለም። ዕዳ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ጎጆ ይሠራለት ተባለ። ለግድግዳው ባሕር ዛፍ ነበረን። ለምሰሶውና ለማዕዘኑ ግን ባሕር ዛፍን ምስጥ ቶሎ ይጨርሰዋልና ከቆላ ጠንካራ እንጨት ይምጣ ተብሎ ተወሰነ። አባቴ አዲስ ምሳር አዘዘ። ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ብረቱ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር። ልጃቸው ወናፉን ይነፋል፤ ከሰሉ ይንቀለቀላል፤ እሳቸው በጉጠት ይዘው መስፉ ላይ ይቀጠቅጣሉ። በመጨረሻ እንደ ፍም ሲቀላ ስለቱን ውኃ አጠጡት፤ ጢስ ብሎ ጮኸ። እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። እንደገና ወደ እሳቱ ዳር ጠጋ አድርገው፣ ስለቱ የገለባ ቀለም እስኪያወጣ ጠበቁት። "ውኃ ብቻ የጠጣ ብረት እልኸኛ ነው፤ ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል። ትንሽ ማለዘብ አለብህ" አሉኝ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ብረትና ስለ ካርቦን ስማር፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነገር የወንዟ ዳር ትምህርት መሆኑን ሳውቅ ደነገጥሁ።

ብረቱን ሲሰጡኝ ዛቢያውን እንዴት እንደማወጣ አስረዱኝ። "ከደረቀ ወይራ አውጣው። ራሱ ከገባ በኋላ ጫፉን ሰንጥቀህ ሽብልቅ ምታበት። ልጆች ስትባሉ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጠበቀ ትላላችሁ። በውኃ እንዳታምነው፤ ውኃ ማታ ያሳብጣል፣ በቀትር ይከዳል።" ቀጥለውም እጄን አይተው "እጅህ ለሥራ ያደላል፤ ጎበዝ ትሆናለህ" አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድሁ። አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም።

ሽብልቁን አልመታሁም። ደረቅ ወይራ ሰንጥቆ፣ ሽብልቅ ጠርቦ፣ አስተካክሎ መምታት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ የጨርቅ ኳስ ይጠብቀኝ ነበር። ምሳሩን ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍሁት። ጧት እንደ አለት ጠብቆ አገኘሁት። አባቴ "ሽብልቅ መታህበት?" አለኝ። "አዎ" አልሁ።

አባቴ፣ አጎቴና እኔ ወረድን። ቆላ ወርዶ ሜዳ ላይ ማደር ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሰርተፊኬት አይሰጥበትም እንጂ ፈተናው የሚታረመው እዚያው ነው። አጎቴ ብዙ ተናጋሪ አልነበረም። የሚናገረው ግን የሚያዝ ነበር። ሰማዩ ጠራ ብለህ ደረቅ ፈፋ ውስጥ አትተኛ፤ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ እንቅልፍህ ላይ ይደርሳል። ጀንበር ሳትጠልቅ የሌሊቱን ማገዶ ሰብስብ፤ መሬት የተኛው እንጨት እርጥበት ይዟልና ቆሞ የደረቀውን ፈልግ። ምሳር ስታቀብል ዛቢያውን አስቀድም። ስትመታ እግርህን ከፈት አድርግ፤ ከኋላህ ሰው መኖሩን እይ፤ ግንዱ በአንተና በስለቱ መካከል ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን፣ ጧት ጧት፣ አንድም ምት ሳትመታ የምሳሩን ራስ ያዝና ወዝውዘው።

የመጀመሪያውን ቀን ወዘወዝሁት። አልተነቃነቀም። ሌሊቱን እሳት ዳር ተኛን፤ ጅብ ከሩቅ ሲጮህ አደረ፤ በሶአችንን በጠበጥን። በሁለተኛው ቀን አልወዘወዝሁትም። ትናንት ጠብቆ የነበረ ነገር ዛሬም ጠባቂ መስሎኝ! የቆላው ፀሐይ ግን አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ዛቢያውን ሲያደርቀው ውሏል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ቅርንጫፍ ልመታ ምሳሩን ከፍ አደረግሁ፤ ወደ ታች ሳወርደው እጄ ላይ ቀለለኝ። ብረቱ ከዛቢያው ወጥቶ የግራ እግሬን ቅልጥም አገኘው። ነጭ ነገር አየሁ። አጥንቴ ነበር።

አጎቴ ነጠላውን ቀድዶ አሰረኝ። ከሁለት እንጨትና ከአንድ ጋቢ ቃሬዛ ሠሩ። መንገድ ላይ ሰዎች ደረሱልንና እየተፈራረቁ ያን ሁሉ አቀበት አወጡኝ። ሲመሽ ጤና ጣቢያ ደረስን፤ 11 ቦታ ተሰፋሁ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው አደጋ ነው። አደጋ ደግሞ በማንም ላይ ይደርሳል። የኔ ነገር የሚጀምረው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ሌሊት ትኩሳት ያዘኝ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ጎረቤት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለችና "ማን አየህ? ጎበዝ ነህ ያለህ ሰው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደምትፈልግ ገብቶኛል። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ቡዳ ደግሞ አድንቆ ነው የሚበላ። እናቴ እግሬ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። "ሽብልቅ ሳልመታ መታሁ ብያለሁ" ማለት ነበረብኝ። ያልሁት ግን "ቀጥቃጩ ጎበዝ ትሆናለህ ብሎኛል" ነው።

እውነት ነበር። ብለውኛል። እውነት ተናግሬ ዋሸሁ።

ማንም እጁን አላነሣባቸውም። መንደር ሰውን ለመጣል ዱላ አያስፈልገውም። ማረሻ የሚያሠራው ሌላ ገበያ ወሰደ፤ ማጭድ የሚያስለው በሌላ መንገድ ዞረ፤ ልጆች ወናፍ በሚነፋው ልጅ ላይ ጠጠር ወረወሩ። ሚስታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ የእሳቸውም እንስራ ሳይሸጥ መመለስ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ። ምሳሩስ? ምሳሩን ማንም አልጣለውም። ብረት ውድ ነው። አባቴ አዲስ ዛቢያ አውጥቶ፣ ሽብልቅ መትቶ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሲፈልጥበት ኖረ።

*

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ስለ ጥንታዊት አቴና አንድ ነገር አነበብሁ። ፖርፊሪዮስ የተባለ የ3ኛው መቶ ዘመን ፈላስፋ የጻፈው ነው። አቴናውያን በዓመት አንድ ጊዜ በዜውስ በዓል ላይ አንድ በሬ ይሠዉ ነበር። የሚያርሰውን በሬ ማረድ ነውር ስለነበረ፣ ከመሥዋዕቱ በኋላ ፍርድ ቤት ይቀመጣል፦ በሬውን የገደለው ማን ነው? ለመሳያው ውኃ የቀዱት ልጃገረዶች ይከሰሳሉ፤ እነሱ "የሳሉት ናቸው" ይላሉ። የሳሉት "ያቀበለው ነው" ይላሉ። ያቀበለው "የመታው ነው" ይላል። የመታው "ቢላዋው ነው" ይላል። ቢላዋው አፍ የለውምና መልስ አልሰጠም። ስለዚህ ተፈረደበት፤ ባሕር ውስጥም ተጣለ።

ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ። ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ያ የአቴና ችሎት የኛ ቤት ነበር። ጥፋት እንደ ውኃ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ታች ይፈሳል፤ የሚቆመው አፍ የሌለው ጋ ሲደርስ ነው። አቴናውያን ግን በአንድ ነገር ይበልጡናል። እነሱ ብረቱን ጥለው ሰውን አዳኑ። እኛ ብረቱን አስቀርተን ሰውን ጣልን።

ደግሞ ይህ የአንድ አገር ቂልነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ሰው የገደለ ጋሪ ወይም ግንድ ለዘውዱ ይወረስ የነበረበት ሕግ እስከ 1846 (እ.ኤ.አ.) ቆይቷል። የሰው ልጅ ጉዳትን ያለ ጥፋተኛ መተው አይሆንለትም፤ የሆነ ነገር ወይም የሆነ ሰው መያዝ አለበት።

መጽሐፍ ቅዱስስ ምን ይላል? ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ የኔን ምሳር የሚመስል ምሳር አለ። ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር ይሄዳል፤ ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ይገድላል። እንዲህ ያለው ሰው ቀድሞ ጠላትነት ካልነበረው ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ይድናል። ሕጉ ብረቱን አልከሰሰም፤ ቀጥቃጩንም አልጠራም። የመቺውን ልብ ጠየቀ። ሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ የነቢያት ልጆች ዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ ምሳር ወልቆ ውኃ ውስጥ ይገባል። ልጁ የጮኸው ስለ ራሱ አይደለም፤ ምሳሩ የተዋሰው ስለሆነ ነው። ያን ብረት ያንሳፈፈለት የኤልያስ ደቀ መዝሙር ኤልሳዕ ነው። እንግዲህ በኤልያስ ስም የተጠራ አገር ልጅ ነኝ፤ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ፣ የተዋሱትን ነገር ዕዳ መፍራት ማለት ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቀረ። የተዋስሁት ብረት አልነበረም። የሰው ስም ነበር።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። አገራችን የሚኮራበት ቅኔ "ሰምና ወርቅ" ይባላል። ይህ ስም ከየት መጣ? ከአንጥረኛ እሳት ዳር ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። የሊቃውንቱ የጥበብ ስም የባለ እጅ ጥበብ ነው። ብራናው የተፋቀው በብረት ነው። የመቃው ብዕር የተቀረጸው በካራ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወጋግራ የተጠረበው በመጥረቢያ ነው። ብረቱን ወደ ውስጥ አስገባን፤ ብረት ሠሪውን ደጅ አቆምን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እሳቸውን እንደ መስደብ መሆኑን አስነግረው ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በእጁ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ስድቡ በአዋጅ ተከልክሏል፤ መሬቱ በአዋጅ ተፈቅዷል። ጎረቤቴ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ያለችው ይህ ሁሉ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

*

ይህን ነገር በመኝታ ክፍላችን አንድ ምሽት አነሣሁት። አንድ ብዙ የሚያነብ ጓደኛዬ ወዲያው መልስ ሰጠኝ። "አንተ ምን ታደርግ?" አለኝ። "የሥርዓቱ ጥፋት ነው። ባለ መሬቱ ባለ እጁን ከርስት አስወጥቶ፣ ያስወጣበትን ምክንያት ደግሞ 'ቡዳ' ብሎ ሰየመው። ኅብረተሰቡ ኋላ ቀር ነው፤ ሕዝቡ አልነቃም። አንተ የዚያ ድንቁርና አንዲት ጠብታ ነህ። ደግሞ ልጅ ነበርህ!"

ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ሲናገር ግን ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፤ ያስፈራኝም ይኸው መቅለሉ ነው። ሥርዓትም አፍ የለውማ! "ኋላ ቀርነት" ተነሥቶ "እኔ አይደለሁም" አይልም። ጥፋቱን ለሥርዓቱ አስረክበን የምንተኛ ከሆነ፣ ከአቴናውያን የምንለየው ባሕራችን ሰፊ በመሆኑ ብቻ ነው።

የሥርዓት ጥፋት የለም እያልሁ አይደለም። አለ። ጎረቤቴ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ ጥያቄው ከእሷ በፊት ተዘጋጅቶ ስለጠበቃት ነው። መንገዱን ያረሰው ሥርዓቱ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሄደው ግን የኔ እግር ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። ምሳር ብረት አለው፣ ዛቢያ አለው፣ የሚያነሣ እጅ አለው። "ምሳሩ በሦስት ነገር ይሠራል" ማለትና "እጁ አልሠራም" ማለት አንድ አይደለም።

"ልጅ ነበርህ" ለሚለውም መልስ አለኝ። ያን ሌሊት ልጅ ነበርሁ፤ ትኩሳትም ነበረብኝ። ያን ሌሊት ይቅር ልበለው። በማግስቱስ? ስፌቱ ሲፈታስ? አህያው ሲጫንስ? አሥረኛ ክፍል ስደርስ፣ የመልቀቂያ ፈተና ሳልፍ፣ በቡዳ ማመንን ትቼ በሚያምኑት ላይ ማላገጥ ስጀምርስ? እያንዳንዷ ቀን ራሷን የቻለች ጧት ነበረች። አጎቴ ጧት ጧት የምሳሩን ራስ ወዝውዘው ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ የጠበቀ ሁልጊዜ አይጠብቅም፤ አንድ ጊዜ ልጅ የነበረም ሁልጊዜ ልጅ አይደለም።

*

ባለፈው ክረምት አገሬ ገባሁ። ለእናቴ ልነግራት ወሰንሁ። ቡና እየቆላች ነበር። ሁሉንም ነገርኋት፤ ባልዲውን፣ ኳሱን፣ "አዎ" ያልሁትን። ማንከሽከሻውን አላቆመችም። ጨርሼ ዝም ስል "ለምን አሁን ነገርኸኝ?" አለች። መልስ አልነበረኝም። "ዘጠኝ ዓመት ብቻህን ተሸክመህ ከበደህ። አሁን እኔን ልታሸክም ነው?" አለችኝ። ንስሐ የገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሸክም ማሻገርም ንስሐ ይመስላል።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያን ሌሊት የቆመበት ቦታ ላይ። ምሳሩን ከተሰቀለበት አወረደና ራሱን ያዘ፤ ወዘወዘው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ እኔን ሳያይ እንዲህ አለ፦

"አጎትህ ዛቢያውን አንሥቶ አይቶት ነበር። ሽብልቅ የለውም። እዚያው እሳት ውስጥ ጨመረውና ማታ ነገረኝ።"

"ታዲያ አባዬ፣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን ዝም አልህ?"

"አንተ እዚያ ተኝተህ ታቃስታለህ። ልጄ ዋሽቶኝ ነው ልበል? ደግሞ ሰዉ ነገሩን ጨርሶት ነበር።"

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለዚህች አንድ ቦታ ስል ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ነገሩን በሁለት ከፍዬ ነበር የማስበው፦ እነሱ አላወቁም፣ እኔ አወቅሁ። እነሱ በአጉል እምነት ተያዙ፣ እኔ በፍርሃት ተያዝሁ። ድንቁርና ነው ብለን የምናስተምረው፣ በመብራት የሚጠፋ ጨለማ ነው የምንለው፣ ቢያንስ በኛ ቤት ድንቁርና አልነበረም። አጎቴ ያውቃል። አባቴ ያውቃል። እኔ አውቃለሁ። ሦስት አዋቂዎች አንድ ቤት ውስጥ ሆነን፣ እያንዳንዳችን ለልጅ፣ ለወንድም ወይም ለራሳችን ስንል ዝም አልን፤ የሦስታችን ዝምታ ተደምሮ ቡዳ ሆነ። እምነቱ እኛን አላሳወረንም፤ አገለገለን እንጂ። ሰው ከልቡ ስላመነበት ብቻ ሳይሆን ስለሚመቸውም አጉል እምነትን ያኖረዋል። የሚመች ነገር ደግሞ ትምህርት ቤት በመክፈት ብቻ አይጠፋም። እኔ ራሴ ተምሬ አይደል?

በማግስቱ ገበያ ነበር። በገበያው ዳር ሸክላ ሻጮች ይቀመጣሉ። ከነሱ አንዷ የቀጥቃጩ ዘመድ መሆናቸውን አውቃለሁ። ጀበናዎቻቸው ፊት ቁጢጥ አልሁና "እናቴ፣ እሳቸው የት እንዳሉ ያውቃሉ?" አልኋቸው። አዩኝ። እግሬንም አዩ።

"ደግሞ ምን ጎደላችሁ?" አሉኝ።

"ምንም አልጎደለን። ጥፋቱ የሳቸው እንዳልነበረ ልነግራቸው ነው።"

አንዱን ጀበና አንሥተው አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉት። "እሱማ ያውቀዋል" አሉ። "ለሚያውቅ ሰው ምን ትነግረዋለህ? ሂድና ለማያውቁት ንገር።"

የት እንዳሉ አልነገሩኝም። መብታቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የምሳሩ ጥፋት የማን ነው? ምሳሩ ጥፋት የለበትም፤ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ንጽሕናውን ሲመሰክር ኖሯል። ሠሪውም የለባቸውም፤ አስጠንቅቀውኛል። እግሬን የቆረጠው ስንፍናዬ ነው፤ እሱንም ከ11 ስፌት ጋር ከፍዬዋለሁ። የቀረው ጥፋት ግን ሌላ ነው፤ የተናገርኋትና ያልተናገርኋት ቃል ናት። ለሷ መማጸኛ ከተማ አላገኘሁላትም። ዘዳግም ራሱ የሚያስጠጋው ብረቱ ሳያስበው የወለቀበትን ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ እያወቀ ሌላ ሰው እንዲከሰስ የፈቀደውን አይደለም።

ሸክላ ሻጯ ለማያውቁት ንገር ብለውኛል። ይህችን መጽሔት የምታነቡ ግን ቀድሞውንም በቡዳ አታምኑም። ለእናንተ መናገር ምንም አያስከፍለኝም፤ ጭራሽ "ግልጽ ሰው ነው" ሳትሉኝ አትቀሩም። ዋጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የአባቴ ማኅበር በሚጠጣበት ቤት፣ ያቺ ጎረቤት ጠላ በምትቀዳበት፣ አባቴ ከሽማግሌዎቹ መካከል በተቀመጠበት። እዚያ ስናገር የምጥለው የራሴን ስም ብቻ አይደለም፤ የአባቴንም ነው። እሱ ደግሞ ዝም ያለው ለኔ ብሎ ነው። ይህን ነገር በምን ሚዛን እንደምመዝነው ገና አላወቅሁም። ለሚቀጥለው እትም የምትጽፉ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ለፋሲካ አገር እገባለሁ። ለአባቴ አስቀድሜ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ፤ ማኅበሩ ላይ ልናገር እንደሆነ ያውቃል። የመለሰልኝ ሁለት መስመር ነው። በመጀመሪያው ጤንነቴን ጠይቆኛል። በሁለተኛው "ስትመጣ እኔም ከጎንህ እቀመጣለሁ" ይላል። ከጎኔ ተቀምጦ ዝም ይል እንደሆነ ወይም ይናገር እንደሆነ አልጻፈም።